ጣራ ያለው ውሃ፦ በተተዉ የማዕድን ጉድጓዶችና ዋሻዎች ውስጥ ስለ መጥለቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ።

ሰው እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «አመመህ እንዴ?» ከሚለው ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። አብዛኛው ሰው የሚገባው ለማየት ነው። በተተወ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሐዲዱ፣ ጋሪው፣ መሰላሉ፣ አንዳንዴም ሠራተኛው አስቀምጦት የሄደው አካፋ በነበረበት አለ። ውሃ ስለዋጠው ማንም አልነካውም። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ደግሞ የሌለ ይመስላል። ጠላቂው መዋኘቱን ይረሳና አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስለዋል።

ለሥራ የሚገቡም አሉ። ሜክሲኮ ውስጥ፣ ዩካታን በሚባለው ምድር፣ በ2007 ጠላቂዎች ውሃ በሞላው ዋሻ ሥር የአንዲት ልጅ አጽም አገኙ። ዕድሜው ከ12,000 ዓመት በላይ ነው። ልጅቷ የገባችው ዋሻው ገና ደረቅ በነበረበት ዘመን ነው። ውሃው የመጣው ከዚያ በኋላ፣ የባህሩ ወለል ከፍ ሲል ነው። ያለ ጠላቂ ያ አጽም ዛሬም እዚያው ነበር።

ባህር ውስጥ ከመጥለቅ በምን ይለያል?

በጣራው። ባህር ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ የመጨረሻው መውጫ ወደ ላይ ነው። አደጋ የለውም አልልም፤ ግን አየሩ ከራሳችሁ በላይ አለ። ዋሻና ጉድጓድ ውስጥ ከራስ በላይ ያለው ድንጋይ ነው። አየር የሚገኘው በገባችሁበት በር ብቻ ነው። 100 ሜትር ገብታችሁ ከሆነ ያንኑ 100 ሜትር ተመልሳችሁ ነው የምትወጡት። አቋራጭ የለም።

ችግሩ ሰው ሲደነግጥ ወደ ላይ መሮጡ ነው። ሰውነታችን የሚያውቀው እሱን ነው። ጣራ ባለበት ውሃ ግን ወደ ላይ የሮጠ ሰው ራሱን ድንጋይ ላይ ይመታል፣ ደለሉን ያነሳል፣ አየሩን በሁለትና በሦስት እጥፍ ይጨርሳል። ከታች የምታነቡት ሁሉ፣ የገመዱም፣ የባትሪውም፣ የአየር ሒሳቡም ሕግ፣ የተወለደው ከዚህ ነው።

የማዕድን ጉድጓድ ለምን በውሃ ይሞላል? ማን ሞላው?

ማንም አልሞላውም። ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ የተወሰነ ጥልቀት ላይ ስትደርሱ ውሃ ራሱ ይመጣል። የማዕድን ጉድጓድ ደግሞ ከዚያ በታች በመቶ ሜትሮች ይወርዳል። ስለዚህ ሥራ ላይ እያለ ፓምፕ ሌት ተቀን ውሃውን ያወጣል። ማዕድኑ ሲያልቅ ወይም ዋጋው ሲወድቅ ኩባንያው ፓምፑን ያጠፋል። ከዚያ ውሃው ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ ዓመታት እየፈጀ፣ ወደ ድሮ ቦታው ይመለሳል።

በነገራችን ላይ የእንፋሎት ሞተር ወደ ዓለም የገባው በዚሁ ጣጣ ነው። በ1712 እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን ሞተሩን የተከለው ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውሃ ለመምጠጥ ነበር። ባቡሩ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

ውሃው ለምን እንዲህ ይጠራል? ለምንስ ይቀዘቅዛል?

ፀሐይ ስለማይነካው አልጌ አይበቅልበትም። ንፋስና ማዕበል ስለሌለ ደለሉ ታች ይተኛል። ለዓመታት ማንም ያልበጠበጠው ውሃ ነው። ቅዝቃዜው ከመሬቱ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ይይዛል፤ ስለዚህ ክረምት ከበጋ እምብዛም አይለዋወጥም። ፊንላንድ ላይ ያጥንት ብርድ ነው፣ አሜሪካ ሚዙሪ ላይ 14 ዲግሪ ገደማ፣ ፍሎሪዳ ላይ 22 ዲግሪ።

14 ዲግሪ ስትሉት ቀላል ይመስላል። ለአንድ ሰዓት እዚያ ውስጥ ተቀመጡና ንገሩኝ። በቀዝቃዛ ውሃ ጣት ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ደግሞ ገመድ መፍታት አይችልም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ውሃ የማያስገባ ልብስ የሚለብሱት።

በጀርባ የሚታዘለው ኦክስጅን ነው አይደል?

አይደለም። ዜና ላይ ሁሉ «የኦክስጅን ሲሊንደር» ይባላል፤ ግን ተራው ጠላቂ የሚያዝለው እናንተ አሁን የምትተነፍሱትን አየር ነው፣ ተጨምቆ። ንጹህ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ገደማ በታች አደገኛ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ኦክስጅን ራሱ ነርቭን ይመርዛል፣ ያንቀጠቅጣል። ውሃ ውስጥ ያንቀጠቀጠው ሰው መተንፈሻውን ከአፉ ይጥላል።

በጥልቅ ውሃ የሚሠሩት ሰዎች ሂሊየም የተቀላቀለበት ጋዝ ይጠቀማሉ። ንጹህ ኦክስጅን የሚመጣው ወደ ላይ ሲመለሱ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ቆመው ሲጠብቁ ነው።

ተራ የጠላቂ ካርድ (የሥልጠና ማስረጃ) አለኝ። ይበቃኛል?

በአንዳንድ ቦታ፣ አዎ፣ ከመሪ ጋር። ለምሳሌ በሜክሲኮ ሴኖቴ በሚባሉት የዋሻ ኩሬዎች የዋሻውን ደጅ ብቻ የሚጎበኙ ጉዞዎች አሉ። ደጅ ስል የቀኑ ብርሃን ከመግቢያው እየታያችሁ ማለቴ ነው። መሪው ዋሻ ጠላቂ መሆን አለበት፤ አንድ መሪ ከአራት ሰው በላይ አይወስድም። ብርሃኑ ከጠፋ የዋሻ ደጅ መሆኑ ቀርቶ ዋሻ ሆኗል፤ ሌላ ሥልጠና ነው።

ሥልጠናው ደረጃ አለው። መጀመሪያ የባህሩ ካርድ፣ ከዚያ የዋሻ ደጅ፣ ከዚያ ዋሻ። በብዙ ድርጅቶች የዋሻ ደጅ ማለት ከውሃው ወለል ጀምሮ በድምሩ 60 ሜትር ያህል ጉዞ ነው፤ ጥልቀቱም ወደ ታች መግቢያውም ወደ ጎን ተደምሮ ማለት ነው። ለማዕድን ጉድጓድ ደግሞ የዋሻው ሥልጠና ላይ ስለ ጉድጓዱ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። «እኔ መቶ ጊዜ ባህር ጠልቄያለሁ» የሚል ሰው ነው የሚያስፈራኝ። በዋሻ ከሞቱት ውስጥ ጥሩ ጥሩ የባህር ጠላቂዎች፣ አስተማሪዎች ሳይቀሩ አሉ።

ዋና አልችልም። መማር እችላለሁ?

መጀመሪያ ዋና ተማሩ። ሀፍረት የለውም፤ ደገኛው ሁሉ ወንዝ ሲያይ ካሳደገው ጎረቤት «ተመለስ!» ሲባል ነው ያደገው። ለመነሻው የጠላቂነት ካርድ ብዙ ድርጅቶች 200 ሜትር ሳይቆሙ መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠይቃሉ። ፍጥነት አይለካም። እሱን ከቻላችሁ ቀሪው ትዕግሥት ነው። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ በ2021 የተከፈተውን 60 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ታውቁ ይሆናል፤ ውስጡ የሰመጠች ከተማ ተሠርቶበታል። ውሃው የሞቀ፣ አስተማሪው አጠገብ ነው። ዋሻ ግን አይደለም።

የታወቁት ቦታዎች የት ናቸው?

ለጀማሪ የሚቀለው አሜሪካ ሚዙሪ ያለው የቦን ቴር ጉድጓድ ነው። ከሴንት ሉዊስ ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። እርሳስ ሲወጣበት ኖሮ በ1962 ተዘጋ፣ ፓምፑም ጠፋ። ዛሬ ከውሃው በላይ ትላልቅ መብራቶች ተተክለው አዳራሾቹን ያበራሉ፤ ጠላቂ የሚሄደው በመሪ፣ በተወሰነ መንገድ ነው። የማይጠልቅ ሰው በጀልባ መጎብኘት ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡን ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ሚስቱን መኪና ውስጥ አስቀምጦ አይጠልቅም።

አውሮፓ ላይ ፊንላንድ ሎህያ ከተማ አጠገብ ኦያሞ አለ፤ በ1965 የተዘጋ የኖራ ድንጋይ ማውጫ። ስዊድን ውስጥ ቱና ሄስትቤሪ በ1968 የተዘጋ የብረት ጉድጓድ ነው። ቡዳፔስት ላይ ደግሞ ኮባንያ አለ። ስሙ ራሱ በሀንጋሪኛ የድንጋይ ካባ ማለት ነው። ድንጋዩ ለከተማዋ ግንባታ ወጣ፣ ባዶው ቦታ የቢራ ፋብሪካ ጓዳ ሆነ፣ በኋላ ታችኛው ክፍል ውሃ ሞላው። እኔ የምወደው ታሪኩን ነው፦ ድንጋይ፣ ቢራ፣ ውሃ።

ካናዳ ኒውፋውንድላንድ ላይ ያለችው ቤል ደሴት ግን ለየት ትላለች። ብረቱ የሚወጣው ከባህሩ ሥር ነበር። በ1942 የጀርመን ባህር ሰርጓጅ መርከቦች መጥተው ማዕድኑን የሚጭኑ አራት መርከቦችን አሰመጡ። ጉድጓዱ በ1966 ተዘጋ። ስለዚህ ጠላቂው በአንድ ደሴት መርከቡንም፣ መርከቡ ሊጭነው የነበረውን ማዕድን የወጣበትንም ጉድጓድ ያያል።

አንድ ሲሊንደር ስንት ደቂቃ ያቆያል?

እስኪ አብረን እናስላ። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። ረጋ ያለ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ገደማ ይተነፍሳል። ስለዚህ የውሃው ወለል ላይ 120 ደቂቃ ይበቃዋል። ግን በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል፤ ሳንባችሁን ለመሙላትም ያን ያህል ተጨማሪ አየር ይሄዳል። 10 ሜትር ላይ 60 ደቂቃ ትሆናለች። 30 ሜትር ላይ 30 ደቂቃ።

አሁን ጣራውን ጨምሩበት። የዋሻ ጠላቂ አየሩን ሦስት ቦታ ይከፍላል። በድሮው አገር መሬት «ሲሦ ለነጋሽ፣ ሲሦ ለቀዳሽ፣ ሲሦ ለአራሽ» ይባል እንደነበረው፣ እዚህም ሲሦ ለመግቢያ፣ ሲሦ ለመውጫ፣ ሲሦ ለክፉ ቀን ነው። ያቺ 30 ደቂቃ እንግዲህ 10 ደቂቃ መግቢያ ሆነች። ስለዚህ ነው ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት መተንፈሻ የሚይዙት።

ሦስተኛዋን ሲሦ ብዙ ሰው ትርፍ ያደርጋታል። ስህተት ነው። የጓደኛችሁ ናት። በሩቁ ጫፍ ላይ የእሱ አየር ድንገት ቢያልቅ፣ ሁለታችሁ በእናንተ አየር ነው የምትወጡት። ለእናንተ ሲሦ፣ ለእሱ ሲሦ፣ እዚያው አለቀ። ይህም የሚሠራው ሁለታችሁም ሳትደናገጡ፣ በገባችሁበት ፍጥነት ከወጣችሁ ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ በደቂቃ 20 ሊትር አይተነፍስም። ስለዚህ ጠንቃቆቹ ሲሦው ሳይደርስ ይመለሳሉ።

ባትሪዬ ቢጠፋስ?

ሌላ ታበራላችሁ። እሱ ቢጠፋ ሦስተኛውን። ሦስት ባትሪ ለአንድ ሰው ግዴታ ነው። ስለዚህ የሚያስጨንቀው ባትሪ መጥፋቱ አይደለም፤ ባትሪው እየበራ አለማየት ነው። ታች የተኛው ደለል አንድ ጊዜ በእግር መቅዘፊያ ከተመታ እንደ ወተት ይነሳል። ከዚያ እጃችሁን ዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁም አታዩትም። ስለዚህ የዋሻ ጠላቂ እግሩን ወደ ላይና ወደ ታች አያራግብም፤ ጉልበቱን አጥፎ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን ይቀዝፋል።

ያኔ የሚያድነው ገመዱ ነው። ከክፍት ውሃ ጀምሮ ሳይቋረጥ እስከ ውስጥ የተዘረጋ ቀጭን ገመድ አለ። በየቦታው የቀስት ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ይታሰርበታል፣ ጫፉ ወደ ቅርቡ መውጫ ያሳያል። ቀስት የሆነበት ምክንያት ደስ ይላል፦ በጨለማ በጣት ተዳስሶ እንዲታወቅ ነው። ጠላቂው ገመዱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ከቦ፣ ሳይጎትተው፣ ዓይኑ እንደጠፋ ሰው ይወጣል። ሥልጠና ላይ ዓይን ተሸፍኖ ይለማመዱታል።

ዋሻ ይሻላል ወይስ የማዕድን ጉድጓድ?

ዋሻን የሠራው ውሃ ነው፣ በብዙ ሺህ ዓመት። ሊወድቅ የነበረው በአብዛኛው ወድቋል። ጉድጓድን የሠራው ድማሚት ነው፣ በጥቂት ዓመታት፤ ቆሞ የሚጠብቀውም እንጨትና ብረት ነው። ብረቱ ዝጓል። የጠላቂው ትንፋሽ አረፋ ሆኖ ወደ ጣራው ሲወጣ ዝገትና ፍርፋሪ ያራግፋል። ስትገቡ የጠራው ውሃ ስትወጡ ቡናማ የሚሆነው በዚህ ነው። ሽቦና ኬብልም አለ፤ ማንም ሳያስር የተወው። ዝም ብሎ ቁልቁል የሚሄድ ጉድጓድም ድንገት ከሥራችሁ ይከፈታል።

ሌላም አለ። እንደ ፍሎሪዳ ባሉ ምንጭ ዋሻዎች ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ስትመለሱ ይገፋችኋል፣ የተነሳውን ደለልም ይጠርጋል። በማዕድን ጉድጓድ ውሃው የቆመ ነው። የበጠበጣችሁት እዚያው ይቆያችኋል። ጉድጓድ በአንድ ነገር ብቻ ይበልጣል፦ ካርታ አለው። ኩባንያው ሲቆፍር እያንዳንዱን ሜትር መዝግቧል። ካርታው ግን የወደቀውን አያውቅም።

ውስጥ አየር ያለበት ቦታ ካገኘሁ መተንፈሻዬን አውልቄ ላርፍ?

አይሆንም። ይህን ጥያቄ ሰዎች የሚጠይቁት ፊልም አይተው ይመስለኛል። በማዕድን ጉድጓድ ጣራ ሥር የታሰረ አየር ለዓመታት እዚያው የቆመ ነው። እንጨቱ ሲበሰብስ፣ ብረቱ ሲዝግ ኦክስጅኑን ይበላዋል። መርዛማ ጋዝም ሊኖር ይችላል። ኦክስጅን ያነሰበትን አየር ስትተነፍሱት አያንቅም፣ አይሸትም። ዝም ብሎ ነው የሚጥለው።

በተፈጥሮ ዋሻ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በሚያዝያ 2017 ስፔናዊው የጂኦሎጂ መምህር ሺስኮ ግራሲያ ከጓደኛው ጋር በማዮርካ ደሴት ዋሻ ውስጥ ሳሉ ገመዱ ጠፋባቸው፣ ደለሉ ተነሳ። የቀረው አየር ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃ ነበር። ጓደኛው ወጣ፣ እሱ በአየር ኪስ ውስጥ ቀረ። 60 ሰዓት ያህል ጠበቀ። ያ አየር አዳነው፤ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 5 በመቶ ገደማ ነበር፣ ውጭ ያለው 0.04 በመቶ ነው። ራስ ምታቱ አላስተኛው አለ፣ የሌለ ነገር ያይ ጀመር። ምርጫ ሲጠፋ የሚደረግ ነው እንጂ ማረፊያ አይደለም።

ውሃው መርዝ የለውም?

እንደ ማዕድኑ ነው። የኖራ ድንጋይ ማውጫ ውሃ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። መዳብና ሌሎች ሰልፈር ያለባቸው ማዕድናት በወጡበት ግን ድንጋዩ ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ የባትሪ አሲድ የምንለውን ዓይነት አሲድ ይሠራል፤ አሲዱ ደግሞ ብረታ ብረቱን ያሟሟል። አሜሪካ ሞንታና ውስጥ በርክሊ የሚባል ግዙፍ የመዳብ ጉድጓድ አለ። ፓምፑ በ1982 ቆመ፣ ውሃው ሞላ። በ1995 ለማረፍ የወረዱ ከ300 በላይ ዝይዎች ሞቱ። በ2016 ደግሞ በሺዎች። የውሃ ምርመራ ውጤት ያላያችሁበት ጉድጓድ ውስጥ እጃችሁንም አትንከሩ።

ወርቅ ይገኛል?

ኩባንያው ሞኝ አይደለም። የሚያዋጣ ቢሆን ፓምፑን አያጠፋም ነበር። አካፋና ፋኖሱ ደግሞ ባለቤት አለው፤ የሚያወጣው ሰው ሌባ ነው የሚባለው። ቀጣዩ ጥያቄ።

የሠለጠኑት ለምን ይሞታሉ?

አሜሪካዊው ሼክ ኤክስሊ በ1970ዎቹ የዋሻ አደጋዎችን አንድ በአንድ ሰብስቦ መረመረ። ሲያየው ሟቾቹ ተመሳሳይ ነገር ነው የጣሱት፦ ያለ ገመድ መግባት፣ ሲሦውን አለመጠበቅ፣ ከሚችሉት በላይ መጥለቅ። በኋላ ሥልጠናና ባትሪ ተጨመሩበትና እስከ ዛሬ የሚያስተምሩት አምስቱ ሕጎች ሆኑ። ለሠለጠነ ሰው ፈተናው ሦስተኛው ነው። ከ30 ሜትር ገደማ በታች አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ያሰክራል። እንደ ጠጪ ሞቅ ይላል፤ እንደ ጠጪም «ደህና ነኝ» ይላል። ሂሊየም ይህን ይቀንሳል፤ ጥልቀቱ ግን ሌላ ዋጋ ያስከፍላል። ኤክስሊ ራሱ በ1994 ሜክሲኮ ውስጥ ዛካቶን በሚባል የውሃ ጉድጓድ ከ250 ሜትር በታች ሞተ።

የደቡብ አፍሪካው ታሪክ ይብሳል። ቡስማንስጋት የሚባል ውሃ የሞላው ዋሻ አለ፤ በ1994 አንድ የ20 ዓመት ወጣት እዚያ ሰጠመ። ከአሥር ዓመት በኋላ አውስትራሊያዊው አብራሪ ዴቭ ሾው 270 ሜትር ላይ አስከሬኑን አገኘው። ለወላጆቹ ሊያወጣላቸው ቃል ገባ። በጥር 8 ቀን 2005 ተመልሶ ወረደ። አስከሬኑ ካሰበው ውጭ ተንሳፈፈ፣ ገመድ ተጠላለፈበት፣ ታገለ። በዚያ ጥልቀት መታገል ማለት ሰውነት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማስወጣት እስኪያቅተው መተንፈስ ነው። እዚያው ቀረ። ከቀናት በኋላ ጓደኞቹ ዕቃውን ሲስቡ ሁለቱም አስከሬኖች አብረው ወጡ። ችሎታ አላነሰውም። ሥራ ጨመረ፤ ጥልቅ ውሃ ደግሞ ትርፍ ሥራ አይቀበልም።

አንድ ሰው ውስጥ ቢቀር ማን ያወጣዋል?

እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አስከሬን ነው። በብዙ አገር ፖሊስ የዋሻ ጠላቂ የለውም፤ ስለዚህ በፈቃደኝነት የሚመጡ የዋሻ ጠላቂዎች ናቸው የሚጠሩት። እነሱ እስኪደርሱ የጠፋው ሰው አየር አልቋል።

የታይላንዱ ልጆች ለዚህ ነው ዓለምን ያስገረሙት። በሰኔ 2018 አሥራ ሁለት ልጆችና አሠልጣኛቸው ታም ሉዋንግ ዋሻ ገቡ፣ ዝናብ መጣ፣ መውጫው ተዘጋ። እነሱ ጠላቂ አይደሉም፤ ከውሃ በላይ ደረቅ ቦታ ስላገኙ ነው የቆዩት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ያገኟቸው የእንግሊዝ ዋሻ ጠላቂዎች ናቸው። ማውጣቱ ከማግኘት ከበደ፦ መጥለቅ የማያውቅ ልጅ በጨለማ ጎርፍ ውስጥ ሰዓታት ቢደነግጥ ራሱንም አዳኙንም ይገድላል። ስለዚህ ሐኪም በመድኃኒት አስተኛቸውና ፊት ሙሉ ጭምብል አጥልቀው፣ እንደ ሻንጣ ተሸክመው አወጧቸው። ሁሉም ወጡ። ሲሊንደር ሊያደርስ የገባው የቀድሞ የባህር ኃይል አባል ሳማን ኩናን ግን አየር አልቆበት ሞተ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚጠለቅበት አለ?

ሁሉም የሚያነሱት ሶፍ ዑመርን ነው። ባሌ ያለው ይህ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የወይብ ወንዝ በውስጡ ያልፋል። ለመጥለቅ ግን አይሆንም። ዋሻው በአብዛኛው ደረቅ ነው፣ ወንዙ ጭቃ የተቀላቀለበት ነው፣ በክረምት ሲሞላ ደግሞ ማንንም አይጠይቅም። ቅዱስ ስፍራም ነው። በበጋ በአካባቢው ሰው ተመርቶ በእግር ማየት ይሻላል።

በአገራችን በተተወ ቁፋሮ የሚሞተው ጠላቂ አይደለም። ልጅ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ድንጋይና አሸዋ ወጥቶባቸው ክፍት የቀሩ ካባዎች ክረምት ላይ ይሞላሉ። ከላይ ኩሬ ይመስላሉ። ዳሩ ግን እንደ ወንዝ ዳር እየጠለቀ አይሄድም፤ አንድ እርምጃ ነው ገደል የሚሆነው፣ ግድግዳው ለመውጣት አይያዝም። ለአስከሬን የሚገቡት የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች ናቸው። ጥርት ያለው ውሃ፣ መብራቱ፣ ፎቶው ለእነሱ የለም። በጭቃ ውስጥ በእጃቸው ነው የሚፈልጉት። በዚህ ገጽ ላይ ከጠቀስኳቸው ሁሉ ከባዱን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ይመስሉኛል።

ጠልቄ ወጥቼ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ብበርስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ከሌላው በላይ ይመለከተናል። በግፊት ሥር ሆናችሁ ስትተነፍሱ ናይትሮጅን በሰውነታችሁ ይሟሟል። ቀስ ብላችሁ ከወጣችሁ በሳንባ ይወጣል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ግን እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲከፋ ሽባ ያደርጋል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። ስለዚህ ከአንድ ጊዜ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ከጠለቃችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበሩ ቆዩ ይባላል። ጥልቅ ገብታችሁ መውጫ ላይ ቆማችሁ የጠበቃችሁ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል።

ሌላው አገር አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነገሩ ያበቃል። እኛ ግን የምናርፈው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ራሷ እንደ አውሮፕላኑ ውስጥ ናት። በመኪናም ያው ነው። ጅቡቲ ጠልቆ በዚያው ቀን ሽቅብ የሚነዳ ሰው ሳይበር በረረ። በተቃራኒው ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የሚጠልቅ ሰው የባህር ሠንጠረዥ፣ ማለትም በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግረው፣ አይሠራለትም። ከ300 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ሒሳቡ ይቀየራል፤ ይህን ሒሳብ ውሃ ውስጥ የሚሠራው የጠላቂ ኮምፒውተርም ለከፍታ መስተካከል አለበት። ቡስማንስጋትን ከባድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ላይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ የመጨረሻዋን ቀን ለገበያ ተዉአት።